ሰባቱ ባለሰማያዊ ቀለበት ዶሮዎች

ክትባት ያልተወጉ ሰባት ዶሮዎች ደም ውስጥ የክትባቱ ምልክት ከየት መጣ?

ሐሙስ ጠዋት አዳማ ቢሯችን ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት፣ ከቢሾፍቱ ላብራቶሪ የተላከው ሠንጠረዥ ይህን ጥያቄ ይዞ ጠበቀኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መነጽሬን ጠረግሁና አራተኛ ጊዜ አነበብኩት። መጠራጠር ሙያዬ ነው። አባቴ እንደሚለው ከሆነ ሆላንድ አገር አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጬ የተማርኩት እሱን ብቻ ነው። «ልጄ ዱሬቲ ዶክተር ሆና ተመለሰች» ይላል ለጎረቤት። «የምን ዶክተር?» ሲሉት ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የዶሮ» ይላል።

ሥራችን ሲያወሩት ቀላል ነው። ክፉው ዓይነት የወፍ ጉንፋን አንድ ግቢ ከገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ዶሮ የሚባል አያስተርፍም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ደግሞ በየዓመቱ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች ማረፊያ ናቸው። ስለዚህ በሽታው ሳይመጣ፣ ክትባቱ በእኛ ሰው ግቢ፣ በእኛ ሙቀት፣ በሀበሻ ዶሮ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ እንፈትናለን። በሽታውን አምጥተን መንደር ውስጥ መልቀቅ አንችልም፤ የምንጠይቀው የዶሮዋን ደም ነው። የተከተበች ዶሮ በአራተኛው ሳምንት ደሟ ውስጥ መከላከያ ታበጃለች፤ ላብራቶሪው ይለካዋል። ያልተከተበች ምንም አይገኝባትም።

ሦስት ቦታ መርጠን ነበር፤ አዳማ፣ ሁሩታና ቡልቡላ። በየቤቱ ካሉት ዶሮዎች ግማሾቹ በዕጣ ክትባቱን ይወጉና ነጭ የእግር ቀለበት ይደረግላቸዋል። የቀሩት ጨው ያለበት ውኃ ይወጉና ሰማያዊ ቀለበት ያደርጋሉ። የትኛው ቀለበት ምን እንደሆነ ለባለቤቶቹ አይነገርም። ንጽጽሩ ንጹሕ የሚሆነው እንዲያ ሲሆን ነው።

የአዳማና የሁሩታ ውጤት እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነበር። ነጭ ቀለበት ያሰረች ሁሉ መከላከያ አላት፣ ሰማያዊ ያሰረች ሁሉ ባዶ። ቡልቡላ፣ አዴ ጉዲቱ መርዳሳ የሚባሉ ሴት ቤት ከሚለው መስመር ስደርስ ግን፣ ከአሥራ ሁለቱ ባለሰማያዊ ዶሮዎች ሰባቱ መከላከያ አላቸው። አምስቱ የላቸውም።

ለእንዲህ ያለ ነገር ሁለት ምክንያት ብቻ አለ። ወይ ሰው ወግቷቸዋል፣ ወይ ቫይረሱ ራሱ ጎብኝቷቸዋል።

የአዳማው ኃላፊያችን ዶክተር ኦሊቃ ከኋላዬ ቆመው ሠንጠረዡን አዩና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም።

«መመሪያው ምን ይላል?» አሉኝ። እያወቁት ነው።

«ያልተከተበች ዶሮ መከላከያ ከተገኘባት፣ ምክንያቱ በሁለት ቀን ውስጥ ካልታወቀ ለመንግሥት ይነገራል።»

«ከዚያስ?»

«በሦስት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለ ዶሮ ሁሉ ይወገዳል።»

«ቡልቡላ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ማለት ከተማው በሙሉ ነው። አንዲት ጫጩት አትቀርም።» ሰዓታቸውን አዩ። «ውጤቱ የተላከው ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ አንቺ ሁሩታ ነበርሽ። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ጊዜ አለሽ። ሊስቤትም አንብባዋለች።»

ሊስቤት ሆላንድ ያስተማረችኝ ናት፤ የጥናቱም ባለቤት። መልእክቷ ስልኬ ላይ ተቀምጧል፤ እንደ ልማዷ አጭር። «ቫይረሱ ነው። ዶሮዎቹ ከቦታቸው እንዳይንቀሳቀሱ። ነገ ለማሳወቅ ተዘጋጂ።» ሊስቤት አትጠራጠርም። መጠራጠሩን ለተማሪዎቿ ነው የምትተወው።

እኔ ተጠራጠርኩ። ቫይረሱ ቢሆን ኖሮ ሰባቱ በሕይወት ምን ይሠራሉ? አምስቱስ ከሰባቱ ጋር አንድ ቆጥ ላይ እያደሩ እንዴት አመለጡ? ደግሞ ቀላል ዓይነት ቫይረስ ነካ አድርጓቸው አልፎ ቢሆንስ? እንዲያም ይሆናል። የጥርጣሬ ክፋቱ ይኼ ነው፤ አንዴ ከጀመረ ከራሱም ሥር ወንበሩን ይስባል።

መናኸሪያ ሄጄ የባቱን ሚኒባስ ያዝኩ። የበረዶ ሣጥኔን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። መቂ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ሣጥኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ዓሣ ነው?»

«ባዶ ነው። ደም ላመጣበት ነው።»

ከዚያ በኋላ እስከ ባቱ ማንም አላናገረኝም። ከባቱ ሌላ ሚኒባስ ይዤ ቡልቡላ ደረስኩ።

አዴ ጉዲቱ ረጅም፣ ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ሲስቁ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ የሚሸፍኑ ሴት ናቸው። ግቢያቸው ከአውራ ጎዳናው ወረድ ብሎ፣ በቁልቋል አጥር የተከበበ ነው። ከባጃጅ ስወርድ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ፈያ፣ አዴ ጉዲቱ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ይኸው፣ በአንድ ቃል አለቀብሽ። ሆላንዶች ኦሮምኛሽን ቀምተው ነው የላኩሽ?»

«ትንሽ አስቀርተውልኛል።»

«አንድ ቃል።» አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ሣጥኑን ሲያዩ ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። «ዛሬ ደም ልትወስጂ አልነበረም እኮ። ቀጠሮሽ ገና ነው።»

«ሰባቱን ብቻ እንደገና ላያቸው ነው።»

«የትኞቹን ሰባት?» አሉ፤ ግን መልሴን ሳይጠብቁ ሞቃት ሚሪንዳ ሊያመጡልኝ ወደ ቤት ገቡ።

በቆሎ በትነን ዶሮዎቹን ማደሪያቸው ውስጥ ዘጋንባቸውና የቀለበት ቁጥራቸውን እያየሁ ሰባቱን አንድ በአንድ ያዝኩ። አዴ ጉዲቱ ባዋሱኝ ትልቅ የቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ አስገባኋቸው። ዓይናቸው ያበራል፣ ኩክኔያቸው ደም የመሰለ ቀይ ነው። አንደኛዋ አንገተ መላጣ አውራ ጣቴን ነከሰችኝ። የታመመ ነገር እንዲህ አይነክስም።

«አዴ ጉዲቱ፣ እነዚህን ከእኛ በኋላ መርፌ የወጋቸው ሰው አለ?»

«ማን ይወጋቸዋል? ቡልቡላ ውስጥ ከአንቺ ሌላ የዶሮ ሐኪም አለ እንዴ?»

«ጋሮምሳስ?»

ጋሮምሳ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። በክትባቱ ቀን ከእኔ ጋር ሆኖ ሲወጋ ውሏል።

«ጋሮምሳ የከብት ነው» አሉና አጥሩን ማየት ጀመሩ።

«የዱር ወፍ ግቢው ይገባል?»

«ወፍ ነው እኮ፤ ፖሊስ አይደለም፣ በር አያንኳኳም። ይገባል፣ ይወጣል።»

ሚሪንዳውን አስቀመጥኩ። ነገ ስድስት ሰዓት ምን እንደሚሆን፣ በቀላል አማርኛ፣ ሳልቀንስና ሳልጨምር ነገርኳቸው።

«የእኔ ብቻ?» አሉ።

«የሁሉም።»

«የጎረቤትም?»

«ከተማው በሙሉ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሻሻቸውን ፈተው እንደገና አሰሩት። «ዋቃዮ፣ አምላኬ» አሉ በቀስታ። የሆነ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ በሩ ተንኳኳና አንዲት አጠር ያሉ ሴት ገቡ። እትዬ ሸዋወርቅ ናቸው። ባላቸው ለመንገድ ሥራ ከሸዋ ይዘዋቸው መጥተው፣ መንገዱ አልቆ እሳቸው የቀሩ፣ አሁን ጎዳናው ዳር ሽንኩርት የሚሸጡ ባልቴት። በክትባቱ ቀንም አጥሩ ጥግ ቆመው ሲያዩን አስታውሳለሁ።

«የዶሮ ሐኪሟ መጣች አሉኝ። ደህና ነሽ ልጄ?» አሉና ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል። «ጉዲቱ፣ ምን ሆነዋል?»

«ምንም አልሆኑ።»

«ታዲያ የእኔን ብቻ ለይታችሁ ለምን ቅርጫት ውስጥ ከተታችኋቸው?»

አዴ ጉዲቱ መሬት መሬት አዩ።

«የእርስዎን?» አልኩ።

«የእኔን ነዋ። ይቺ ገብስማዋ፣ ይቺ መላጣዋ፣ ይቺ ወሰራ፣ እነዚህ ሁለቱ ቀዮች እህትማማች ናቸው፣ ይቺ ጥቁሯ፣ ይቺ ደግሞ አንድ ጥፍር የሌላት።» በጣታቸው እየጠቆሙ ሰባት ቆጠሩ። አንዷንም አልሳቱ።

«እኔ ዶሮዎቹ ሁሉ የአዴ ጉዲቱ መስለውኝ ነበር።»

«ግቢው የእሷ ነው። እነዚህ ሪቢ ናቸው።»

ሪቢ። ልጅ ሆኜ ሰምቼ የረሳሁት ቃል። ዶሮ ኖሮት ግቢ የሌለው ሰው፣ ግቢ ላለው ይሰጣል። እንቁላሉ የአርቢዋ ነው፤ ጫጩቱ ለሁለት እኩል ይካፈላል። ወረቀት የለው፣ ምስክር የለው፤ አደራ ነው። የሪቢ ዶሮ ከሞተች አርቢዋ ሬሳዋን ይዛ ባለቤቷ ደጅ ትሄዳለች፤ ይኸው፣ አልሸጥኳትም አልበላኋትም ለማለት። የራሷ ዶሮዎች ተርፈው የሪቢዎቹ ብቻ ካለቁ ግን ሬሳ ማሳየትም አያድናት። በዚያች ሴት ላይ ማንም ሁለተኛ አደራ አይጥልም።

የእኔ ቅጽ አርባ ሁለት ጥያቄዎች አሉት። የዶሮዋ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የላባዋ ቀለም፣ የምትጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ። «የማን ናት?» የሚል ጥያቄ የለውም።

«እትዬ ሸዋወርቅ፣ እዚህ ግቢ ስንት ዶሮ አለዎት?»

«አሥር። ሦስቱ ያውና፣ ነጭ ነጭ ያሰሩት።»

አዴ ጉዲቱን አየኋቸው። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«እሺ፣ እናገራለሁ። ግን ጋሮምሳን ጥሪው። በሌለበት ስሙን አላነሳም።»

ጋሮምሳ በሞተር ሳይክሉ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ቅርጫቱን ሲያይ ራስ ቁሩን አወለቀና በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞት እዚያው ቆመ፤ ለቅሶ የመጣ ይመስል።

«ዶክተር፣ እኔ ልነግርዎት ነበር» አለ።

«ቆይ፣ ከእኔ ነው የተጀመረው» አሉ አዴ ጉዲቱ። ወደ እኔ ዞሩ። «በዚያን ቀን ሁለት ጠርሙስ ይዘሽ መጣሽ። አንዱ እንደ ወተት ነጭ ነው። አንዱ ወለል ብሎ የሚታይ ውኃ ነው። ከዚያ የቱ የቱ እንደሆነ አይነገራችሁም አልሽን። ኢንተላ ኮ፣ ወተትና ውኃ ለመለየት ሆላንድ መሄድ ነበረብኝ?»

ጆሮዬ ጋለ። ክትባቱ ዘይት ስላለበት ነጭ ነው። የጨው ውኃው ጥርት ያለ ነው። በሦስት ከተማ፣ በአሥራ አምስት ግቢ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባለቤቶቹ ዙሪያዬን ቆመው እያዩ፣ በሁለት የተለያየ ቀለም ምስጢር ስጠብቅ ከርሜአለሁ። ሆላንድ እያለሁ ይህ ችግር አጋጥሞኝ አያውቅም። እዚያ የምንወጋቸው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነበር፤ የሚያይብን ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ።

«ቆጥሬአለሁ» አሉ አዴ ጉዲቱ። «ከሸዋወርቅ አሥር ዶሮዎች ሦስቱ ወተት፣ ሰባቱ ውኃ። ከእኔዎቹ ዘጠኙ ወተት፣ አምስቱ ውኃ። ያ በሽታ ቢመጣና የእኔዎቹ ተርፈው የእሷ ቢያልቁ ምን ልላት ነው? ዕጣ ነው ልላት?»

«ዕጣ ነበር እኮ።»

«አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ አውቃለሁ። ዕጣውን አገር አላየውም፤ የሞተ ዶሮ ግን አገር ያየዋል።»

እትዬ ሸዋወርቅ ቅርጫቱ ጋ ቁጢጥ አሉ። አንዴ አዴ ጉዲቱን፣ አንዴ ቅርጫቱን ያያሉ።

ጋሮምሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከጠርሙሱ ብዙ ተርፎ ነበር። ቅበረው ብለውኝ ሄዱ። ጉድጓድ ቆፍሬ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ኖራውንም አዘጋጅቻለሁ። አዴ ጉዲቱ መጡና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ።»

«መድኃኒት ይቀበራል ወይ አልኩት። የሚቀበረው የሞተ ነው አልኩት።»

«እኔም መርፌውን መልሼ አወጣሁ» አለ ጋሮምሳ። «ሰባቱን ወጋሁላቸውና የቀረውን ቀበርኩ።»

አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። «ጠርሙሱ ውስጥ ለመቶ ዶሮ የሚበቃ ነበር። ሌሎቹን አምስት ለምን አላስወጉም? እነሱም ውኃ ነው የደረሳቸው።»

አዴ ጉዲቱ የሞኝ ጥያቄ እንደሰሙ ሁሉ አዩኝ።

«እነሱማ የእኔ ናቸው። ግማሾቹ ውኃ ይወጋሉ ብለሽ አስፈርመሽኛል። በራሴ ነገር ፈርሜአለሁ፣ ቃሌን ጠብቄአለሁ። በሰው ነገር ግን እንዴት እፈርማለሁ?»

ያን የስምምነት ቅጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስድስት ገጽ ነው፤ ሁለት ኮሚቴ መርምሮታል።

እትዬ ሸዋወርቅ ወደ አዴ ጉዲቱ ዞሩ። «እንግዲህ ለእኔ ውኃ ነበር የደረሰኝ።»

«አዎ።»

«አንቺ ደግሞ ሳትነግሪኝ ወተት አደረግሽልኝ።»

«ሳልነግርሽ።»

«ወር ሙሉ።»

«ወር ሙሉ።»

«እኔ እኮ ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም። ዕቁብም ስገባ ጭራ ነኝ። ይኼም የእኔው ዕድል ነበር፤ ማን ቀይሪልኝ አለሽ?»

«ዝም በይ አንቺ፣ ሽንኩርትሽን ሽጪ» አሉ አዴ ጉዲቱ፤ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ሁለቱም ሳቁ። ጋሮምሳ መሳቅ ይፈቀድለት እንደሆነ ለማወቅ እኔን አየኝ።

እኔ ገና አልጨረስኩም ነበር። ታሪኩ ያምር ነበር፤ የሚያምር ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያጠራጥረኛል። ከተማውን ለማዳን ሦስት ሰው ተስማምቶ ሊዋሽኝ ይችላል። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እዋሻለሁ።

«የት ላይ ወጋሃቸው?» አልኩት ጋሮምሳን።

«ደረታቸው ላይ። ከእርስዎ ጋር ስንሠራ አንገት ብለውኝ ነው እንጂ፣ እኔ የለመድኩት ደረት ነው።»

ዘይት ያለበት ክትባት በተወጋበት ቦታ ትንሽ እብጠት ይተዋል፤ ወር ሁለት ወር ይቆያል። ውኃ ምንም አይተውም። መጀመሪያ አንገተ መላጣዋን አወጣሁ። ላባዋን ገለጥ አድርጌ ደረቷን ዳሰስኩ። ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር ጣቴ ሥር ተንከባለለች። ገብስማዋንም። ሁለቱን ቀዮች። ሰባቱም ጋ አለች። ከዚያ አምስቱን የአዴ ጉዲቱን ባለሰማያዊዎች ዳሰስኩ፤ ደረታቸውም አንገታቸውም ለስላሳ ነው። ከዚያ ባለነጮቹን፤ እብጠቱ አንገታቸው ላይ ነው፣ እኛ በወጋንበት። ሃያ አራቱንም ዳሰስኩ። ስጨርስ ከራሴ እስከ እግሬ ላባ ነበርኩ።

«አሁን አመነች» አሉ እትዬ ሸዋወርቅ። «ቶማስን አስናቀችው።»

ለዶክተር ኦሊቃ ደወልኩ።

«ደረት ላይ? በሰባቱም?»

«በሰባቱም። በሌሎቹ የለም። ፎቶ ልኬልዎታለሁ።»

«ሰውየው ጽፎ ይፈርማል?»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁ። ጋሮምሳ ሰምቷል። ከፈረመ ከእኛ ሥራ ይሰረዛል፤ መሥሪያ ቤቱም ዝም ላይለው ይችላል። ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር።

«ካልፈረምኩ ስንት ዶሮ ነው?» አለ።

«ሁሉም።»

«የእናቴም አሉበት ማለት ነው።» እጁን ዘረጋ። «ብዕር አለዎት?»

የሞተር ሳይክሉ ወንበር ላይ አስደግፎ ቅጼ ጀርባ ላይ ጻፈ። ሲሰጠኝ ከሥሩ በራሴ እጅ ጨመርኩበት። ሁለቱን ጠርሙሶች አንድ ዓይነት ቀለም አለማድረጌ የእኔ ጥፋት ነው፤ የተረፈውን ክትባት ቆሜ አለማስቀበሬም የእኔ ጥፋት ነው።

«ከእኔ በላይ ይፈርሙ፣ ዶክተር» አለ ጋሮምሳ። «ሲያነቡት መጀመሪያ እርስዎን ይቆጡ።»

ከእሱ በላይ ፈረምኩ።

ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተር ኦሊቃ ቢሮዬ መጡ፤ እንደ ልማዳቸው ቆመው አወሩኝ። ለመንግሥት ማሳወቁ ቀርቷል። ዶሮዎቹ ለሦስት ሳምንት ባሉበት ይጠበቃሉ። የቡልቡላ ውጤት ከጥናቱ ይወጣል።

«ለጋሮምሳ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ ከሥራ ግን አይሰረዝም። ለአንቺም ይጻፍልሻል።»

«እኩል?»

«እኩል። ዕጣ አላወጣንም።»

ሦስቱ ሳምንት አለፈ። የሞተ ዶሮ የለም። አንዷን ቀይ ብቻ ጭላት ወሰዳት፤ የእትዬ ሸዋወርቅ ነበረች። አዴ ጉዲቱ ራሳቸው ደውለው ነገሩኝ። «ሬሳ የለኝ፤ ሦስት ላባና ሰማያዊ ቀለበትሽን ይዤ ደጇ ሄድኩ» አሉ። «ቀለበቱን መስኮቷ ላይ ሰቅላዋለች። ክትባት ከጭላት አያድንም ትላለች ላገኘችው ሁሉ።»

እኔ ግን ሠንጠረዡን መክፈት አልተውኩም። ቡልቡላ ከተሰረዘ በኋላም እከፍተዋለሁ። የሰባቱን ቁጥር ከአዳማና ከሁሩታ ባለነጮች ጋር አስተያየሁት። እኩል ነው። ከጠዋት ጀምሮ በተከፈተ ጠርሙስ፣ ከበረዶ ሣጥን ወጥቶ ጉድጓድ አፍ ላይ በቆየ ክትባት፣ በለመደው ቦታ በሚወጋ የከብት ሐኪም እጅ፣ ያው መከላከያ። ሰባት ዶሮ ማስረጃ አይባልም፤ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ክትባቱ በእኛ ሰው ግቢ፣ በእኛ ሙቀት ይሠራል ወይ ብለን አልነበረም እንዴ የመጣነው? ከጥናቱ ዶሮዎች ሁሉ ጥያቄውን በትክክል የመለሱት የተሰረዙት ሰባቱ ናቸው።

ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለሊስቤት ጻፍኩላት።

«ሊስቤት፣ ቫይረሱ እንዳልነበረ ዶክተር ኦሊቃ ነግረውሻል። ሰባቱን ከነቡልቡላ መሰረዛችን ልክ ነው። ቁጥራቸውን ግን አያይዤልሻለሁ፤ እባክሽ እይው፤ ከሪፖርቱ ግርጌም ቢሆን ቦታ ይገባቸዋል እላለሁ። ለሚቀጥለው ዙር ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ እንደ ክትባቱ ነጭ የሆነ ውኃ። ሁለተኛ፣ ቅጹ ላይ አንድ መስመር፦ ዶሮዋ የማን ናት? ይህን መስመር ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝና እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። እዚያ አንቺ ጋ፣ በተዘጋው ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ስንወጋቸው የኖርነው ዶሮዎች የማን ነበሩ?»

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለት ምልክቶች ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። አሁን ኅዳር ገብቷል፤ ወፎቹ ወደ ሐይቁ ተመልሰዋል። መልስ አልመጣም።